ስልክ የማታነሳው ዘፋኝ

በርገን፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለናዝሬት፣ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር።

ደህና ከርመሻል ወይ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። እዚህ ዝናቡ ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሥራዬም እዚያው የአረጋውያን መጦሪያው ነው። ዛሬም አንድ ሽማግሌ አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስተኝቼ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ወድጄ አይደለም። ስልክ አታነሺም። ከአምና ጀምሮ ስንቴ እንደደወልኩ እግዜር ይወቀው። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኪ ግን ቀለሙ ሳይደርቅ ይደርሰኛል። እንግዲያው በዚያው ልምጣ ብዬ ነው።

ኦጆት ደውሎልኝ ነበር። «ማንጎ ሥር ይነሳ» አለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ የባንዳችንን ስም ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ነገሩን የቀሰቀሰችው የእህቱ ልጅ አጅዋንግ ናት አሉ፣ ያቺ ነርስነት የምትማረው። የድሮ ቅጂያችንን ከአንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ አግኝታ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችው። እሱም ቶሙን ከጣሪያ ሥር አውርዶ በአውራ ጣቱ የሚመታቸውን የብረት ምላሶች አንድ በአንድ ወልውሏል። ኮንሰርቱ የካቲት 8 ቅዳሜ ይሁን ብለናል። ከዐቢይ ጾም በፊት ይሁን ያልኩት ላንቺ ብዬ ነው። እኔ ጊታሬን እዚህ ሆኜ ቀድቼ እልካለሁ፤ በስፒከር ትለቁታላችሁ።

አንቺ የእናትሽን ዘፈን ትዘፍኛለሽ። አክስቴ አልማዜ ያረፈች ጊዜ ግጥሙን የጻፍኩት እኔ፣ ዜማውን ያወጣው ኦጆት ነው፤ ግን ካንቺ ጉሮሮ ሌላ ቤት የለውም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። የመጀመሪያዋን ስንኝ በስልክሽ ቅጂና ላኪልኝ፤ ጊታሬን ካንቺ ድምፅ ጋር ላስማማው።

ናፋቂሽ የአክስትሽ ልጅ
ልዑልቃል


ጋምቤላ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለልዑልቃል፤

ዝናብህ ያባራ፣ ጤናህ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለመድኃኔዓለም።

በአሥራ ስምንት ቀኑ ስመልስልህ ሳትታዘበኝ አልቀረህም። ኔትወርኩን ታውቀዋለህ። መብራቱም ቢሆን እንደ ችኩል እንግዳ ነው፣ ገና ተቀመጥ ሳትለው ይነሳል። ትምህርት ቤትም ፈተና ደርሶ ወረቀት ውስጥ ተቀብረናል።

ስለ ዘፈኑ፣ ጾመ ነቢያት ገብቷል እኮ። በጾም ዘፈን ቅጂ ትለኛለህ? አክስትህ ብትሰማህ ጆሮህን ይዛ አደባባይ ታዞርህ ነበር። ይፈታና እናያለን።

ኦጆት ደህና ነው። ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ያስተረጉማል። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሆኖ ይውልና ቤቱ ሲገባ ለራሱ መናገር ይሰለቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ ጀምረናል። አጅዋንግን ሰማኋት። በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ያደገች ናት፤ ትንፋሽ አላት። የአማርኛ ግጥም ገና አፏ ላይ አልተደላደለም፣ ግን ይለመዳል።

ላስቸግርህና፣ የእማዬ ዘፈን የተጻፈበት ደብተር አንተ ጋ ነው። ገጹን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ስልክ አላነሳችም ብለህ ደግሞ ሆድ አይባስህ።

እህትህ ናዝሬት


ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. (ያልተላከ)

ልዑሌ፤

ግጥሙ ደረሰኝ። ጽሑፍህ ያው የዶሮ ጭረት ነው። ሳነበው አለቀስኩ፣ ከዚያ ይህን ለመጻፍ ተነሳሁ። ልልከው ነበር፤ እዚህ መስመር ላይ ስደርስ ግን እንደማልልከው አወቅኩ።

ድምፅ የለኝም።

አምና ጥቅምት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄድኩ ያልኩህ ለእንቅርት ቀዶ ጥገና ነበር። ተሠርቼ ስነቃ ነርሷን ውኃ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ የሚል ነገር ነው። ሐኪሙ ወደ ድምፅ የምትሄድ ቀጭን ነርቭ ተነክታለች፣ በስድስት ወር ትመለስ ይሆናል አለኝ። ስድስቱን ወር በጣቴ ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ።

ክፍል ገባሁ። እኔ ሳንሾካሽክ ልጆቹም አብረውኝ ያንሾካሽካሉ። ክፋት አይደለም፣ እንዲያው የተጋባባቸው ነው። አንድ ወር በጠመኔ ጠረጴዛ እየደበደብኩ አስተማርኩና ዳይሬክተሩ አዝኖ ቤተ መጻሕፍት አስገባኝ። እዚያ ዝምታ ያስመሰግናል።

ጎረቤት ያውቃል። ኦጆት ያውቃል፤ ላንተ እንዳይነግርህ በእናቱ አስምዬዋለሁ። የማታውቀው አንተ ብቻ ነህ። እና ልዑሌ፣ ናዝሬት እንደ ድሮዋ የምትዘፍንበት አንድ ቦታ የቀረኝ ያንተ ጆሮ ነው። እሱንም በገዛ እጄ ልዝጋው? አልችልም፤ እዚያ ትንሽ ልቆይ።


በርገን፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለናዝሬት፤

እንኳን ለጌታችን ልደት በሰላም አደረሰሽ። እኔ በዓሉን በሥራ ላይ ዋልኩ።

ጾሙ ተፈታ፣ ግጥሙን ላክሁልሽ፣ ድምፅሽ ግን አልመጣም። ገና ብዬ አራት ጊዜ ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቆማል። አራተኛው ላይ በረንዳ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁን ገባኝ። ኔትወርክም መብራትም አይደለም፣ ቂም ነው። ደግሞ እውነትሽን ነው። ያኔ በ2009 ኮንሰርቱ ቅዳሜ ሆኖ ሳለ ሐሙስ ዕለት የጊታር ክር ልገዛ አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ ብዬሽ ወጣሁ፤ ቪዛው ኪሴ ነበር። ብነግርሽ ታስቀሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። አንቺን ሕዝብ ፊት ለብቻሽ አቁሜ፣ ኦጆትን ቶሙን አሰቅዬ ሄድኩ። ባንዱ የሞተው በኔ እጅ ነው። ስምንት ዓመት ስደውል ስለ አየሩ ነው የማወራው፤ አንድም ቀን ይቅርታ ብዬሽ አላውቅም።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እንዲህ ሆነን አብረን ሙዚቃ አንሠራም። ስለዚህ የእድራችሁን ሊቀመንበር አቶ አሸብርን በስልክ እግራቸው ላይ ወድቄ ለምኛቸዋለሁ፤ ሽማግሌ ይዘው ይመጡልሻል። እባክሽ አታሳፍሪኝ። ከታረቅሽኝ ደግሞ አንዲት ነገር ብቻ፣ ስልኩን አንሺልኝ።

በደለኛ ወንድምሽ
ልዑልቃል


ጋምቤላ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልዑልቃል፤

ጥምቀቱ፣ ሚካኤሉ በሰላም አለፈ። አንተንም ባለህበት ይጠብቅህ።

ሽማግሌዎችህ መጡ። ትናንት ጠዋት ልብስ ሳጥብ አቶ አሸብር፣ የነፍስ አባቴ መምሬና ኦጆት ተከታትለው ገቡ። ኦጆት በዕድሜው ሽምግልና ገብቶ አያውቅም። ከማን እንደተዋሰው እንጃ፣ ነጠላ አደግድጎ ከአቶ አሸብር ኋላ ቆሟል። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ሳይታረቁ መቀመጥ የለም። በዚያ ሙቀት ሦስቱም ደጃፌ ላይ በላብ ተጠመቁ።

እኔ ደግሞ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። «አልተቀየምኩትም» አልኩ። መምሬ ጆሯቸው ከብዷል፤ ምን አለች አሉ። ደገምኩት። «አልሰማሁም። ልብሽ እንዲህ ደንድኗል፣ ልጄ?» ብለው መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ሦስተኛ ስደግመው ኦጆት ፊቱን ወደ ማንጎው አዞረ። አቶ አሸብር ጎንበስ ብለው ከአፌ ሥር ሰሙና ለመምሬ ጮኹላቸው፦ «ይቅር ለእግዚአብሔር ብላለች!» ተቀመጡ፣ ጠጡ፣ መረቁ። ስሸኛቸው አቶ አሸብር እጄን ይዘው ቆዩ።

ስለ ያኔው አልዋሽህም፣ ተናድጄ ነበር። ሕዝቡ ፊት ወጥቼ ጊታር መቺያችን ክር ሊገዛ ሄዷል፣ ሲመለስ እንጀምራለን ያልኩት እኔ ነኝ። ክሩ የት አገር እንደሚሸጥ ኋላ ሰማን። ግን ያ ንዴት ከወጣልኝ ዓመታት አለፉ፣ ወንድሜ። በናቴ አፈር እምልልሃለሁ፣ በልቤ ምንም የለም።

አሁን እኔ ልለምንህ። የእማዬን ዘፈን አጅዋንግ ትዝፈነው። ልጅቷን አስተምሬያታለሁ፤ ግጥሙን እየጻፍኩላት፣ የትንፋሹን ቦታ በእጄ እያሳየኋት። በሚገባ ይዛዋለች። የግጥሙ ባለቤት አንተ ስለሆንክ ያንተን ፈቃድ ነው የምጠብቀው። ለምን አትበለኝ።

ናዝሬት


በርገን፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዝሬት፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

አቶ አሸብር ተሳክቷል ብለውኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ ደስታው ጠፋ። ታርቄሃለሁ ትይኛለሽ፣ ስልክ ግን አታነሺም። ይቅር ብዬሃለሁ ትይኛለሽ፣ ዘፈኑን ግን ለሌላ ስጥ ትይኛለሽ። ይሄ ምን ዓይነት እርቅ ነው?

ዘፈኑ እቁብ አይደለም፣ ተራ የሚደርሰው። አክስቴን የቀበርናት ቀን ማታ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠሽ ስትጀምሪው አልቃሾቹ ዝም አሉ። እዚህ በረዶ ሲጥል፣ ሰው ሲሞትብን፣ አልጋ ሳነጥፍ በውስጤ የምሰማው እሱን ነው። አጅዋንግን አልጠላኋትም፣ እግዜር ያሳድጋት። ግን ካንቺ ሌላ ሰው ሲዘፍነው ከምሰማ ባልሰማው ይሻለኛል። ወይ አንቺ ትዘፍኚዋለሽ፣ ወይ ማንም አይዘፍነውም።

ጊታሩን ቀድቼ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የምትገቢበትን ቦታ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ።

ልዑልቃል


ጋምቤላ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሆይ፤ ጤና ይስጥህ።

እንዳልክ ይሁን። አጅዋንግ አትዘፍነውም። ሌሎቹን ግን ትዘፍናለች፣ እሱን አትከልክለኝ።

ጊታርህ ደረሰኝ። ጣትህ አልዛገም። ከመግባቴ በፊት ትንፋሽ የምስብባትን ቦታ እንደ ድሮው ክፍት ትተህልኛል። እዚያች ላይ ትንፋሽ ሳብኩ።

አንድ ነገር እሺ በለኝ። አጅዋንግ ኮንሰርቱን በፌስቡክ በቀጥታ እናስተላልፋለን እያለች ነው። አንተ አትየው። ይቆራረጣል፣ ዓይንህ ይደክማል። በኋላ ተስተካክሎ ይላክልሃል።

ናዝሬት


በርገን፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዝሬት፤

አትየው ያልሽኝን አየሁት። ለሰላምታ ልብ የለኝም፣ ይቅር በይኝ።

የትምህርት ቤቱን ሜዳ ገና ሳየው ነፍሴ ወደዚያ በረረች። የሰዉ ብዛት! ከፑኝዶ ድረስ በአይሱዙ ተጭነው የመጡ ነበሩ። አጅዋንግ ጥሩ ዘፈነች፣ አልክድም። የኦጆት ቶም እንዲያውም ከድሮው ይጣፍጣል። አንቺን ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ጠጠር ያለባትን ቅል ስታንሿሺ አየሁሽ። ከስተሻል። ልቧ ራርቷል፣ አሁን ትነሳለች ብዬ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አስጠጋሁት።

ከዚያ የእናትሽ ዘፈን ተጀመረ። ጊታሬ ገባ። ሰዉ ጸጥ አለ። የመግቢያሽ ቦታ ደረሰ፣ አለፈ። ኦጆት ሁለተኛውን ዙር ጀመረ። አሁንም አለፈ። ከኋላ ያሉት የፑኝዶ ሰዎች «ናዝሬት! ናዝሬት!» ብለው ሲጣሩ ሰማሁ። አንቺ ግን አፍሽን ገጥመሽ ቅልሽን ይዘሽ ተቀምጠሻል። እስከ መጨረሻው! ዘፈኑ ያለ ሰው ድምፅ ተጀምሮ ያለ ሰው ድምፅ አለቀ።

በኔ ብትጨክኚ ይገባኛል። ግን እኔን ለመቅጣት እናትሽን ሕዝብ ፊት ዝም አሰኘሻት? ሽማግሌ ፊት ይቅር ያልሽው አፍ ይኼ ነው? ያን ያህል ትጠይኛለሽ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም ነበር።

እሑድ ጠዋት ትንሽ ስበርድ በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ደወልኩ፤ ቁጥሬን ካላየች ታነሳለች ብዬ። አንዲት አሮጊት አነሱ። ጉሮሯቸው ተዘግቷል፣ ቃላቸው በግድ ነው የሚሰማው። «ማዘር፣ ናዝሬትን ያቅርቡልኝ» አልኳቸው። «የለችም» አሉኝ። ወንድሟ ደውሎ ነበር ይበሉልኝ ብዬ ዘጋሁ። ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ቤትሽ የሚኖሩ ከሆነ ግን አሳክሚያቸው። ለኔ ባታዝኚ ለእሳቸው እዘኚላቸው።

ከእንግዲህ አልደውልም።

ልዑልቃል


ጋምቤላ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለልዑልቃል፤

እንኳን ለጾሙ በሰላም አደረሰህ። ሁለት ሳምንት ያቆየሁህ ተናድጄ አይደለም። ከዚህ ጋር አንዲት አሮጌ ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ፣ ታኅሣሥ 2 የሚል ቀን አለባት። መጀመሪያ እሷን አንብብና ወደዚህ ተመለስ።

አነበብክ? እንግዲህ ይኸው ነው። አትጩህ፣ ራስህንም አትርገም። አንተ ብትኖርም ባትኖርም እንቅርቴ ይወጣ ነበር።

መድረክ ላይ ለምን ወጣሽ ትለኝ ይሆናል። እኔስ ቤቴ ልቀር ነበር። ኦጆት ጠዋት መጥቶ በር ላይ ቆመ። አማርኛውን ታውቀዋለህ። «ድምፅ ሄደ። አንቺ አልሄደም። ነይ ቁጭ በይ» አለኝ። ሄጄ ቁጭ አልኩ። ያለ ድምፅም ቢሆን የእማዬ ዘፈን ይመታ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። አንተ ማንም አይዝፈነው አልክ እንጂ ማንም አይምታው አላልክም።

ጊታርህ ሲገባ ትንፋሼን ሳብኩ። ድምፅ እንደሌለኝ ሰውነቴ ለዚያች ቅጽበት ረስቶት ነበር። አፌን ልከፍት ስል ትዝ አለኝና ገጠምኩት። አንተ ያየኸው እሱን ነው። የፑኝዶዎቹ ስሜን ሲጠሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አጅዋንግ ሁሉን በቃሏ ታውቀው ነበር፤ ግን ቃልህን አክብራ ከጎኔ ቆማ እንባዋን ትውጥ ነበር። ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ሰዉ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ እንደ ቀብር መልስ። አንዲት የኒውላንድ ሴት መጥታ አገጬን ይዛ ሳመችኝና ሄደች።

ጥፋቴን አውቃለሁ። ብነግርህ ኖሮ ዘፈኑን ለልጅቷ ትሰጣት ነበር፣ እማዬም ዝም አትልም ነበር። ስሳሳላት የኖርኩት ላንዲት ጆሮ ነው፣ በሷ ሰበብ ያን ሁሉ ሰው አስከፋሁ። አሁን ስጣት፣ ልዑሌ። ከፋሲካ በኋላ ኦጆት ፑኝዶ ወርዶ መጫወት ይፈልጋል። አጅዋንግ ትዝፈነው፣ አንተም ጊታርህን በሷ ልክ እንደገና ቅዳ። የሷ ትንፋሽ ከኔ ያጥራል፣ ክፍቱን ቦታ አሳጥርላት።

አሁን ስለዚያች ሴትዮ ልንገርህ። እሑድ ከቅዳሴ እንደተመለስኩ ስልኩ ጠራ፤ ቁጥሩን አላወቅኩትም፣ አነሳሁት። «አቤት» አልኩ። ድምፅህን ስሰማ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። አብሮኝ ያደገ የአክስቴ ልጅ አንቱ አለኝ። ናዝሬትን ያቅርቡልኝ አለኝ። የት ሄጄ ላምጣልህ? የለችም አልኩህ፤ በዚያች ሰዓት እውነቴን ነበር።

አልደውልም ብለሃል። ግን ልብህ ከራራ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ነኝ። ስታወራ ጮክ አትበል፣ እኔ ጆሮዬ ደህና ነው። ማዘር አትበለኝ። አንቱም አትበለኝ። ናዝሬት ነሽ ወይ ብለህ ጠይቀኝ።

አዎ እልሃለሁ።

ናዝሬት